ዘላቂ የራስና የአንገት ሕመም፦ የሕክምና አማራጮች በቦንጋና በካፋ ዞን

ለወራት የሚመላለስ የራስና የአንገት ሕመም ራሱን የቻለ አንድ በሽታ ሳይሆን መነሻቸው የተለያየ ሕመሞች የጋራ ምልክት በመሆኑ፣ የትኛው ሕክምና ይሻላል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው የሕመሙ ዓይነት ከተለየ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ቤት ለቤት የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 17.7 በመቶ የሚሆኑት አዋቂዎች ማይግሬን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን የሚወቅርና ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ሕመም፣ 20.6 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ራስን እንደ ጠበቀ ሻሽ ዙሪያውን የሚይዘው የውጥረት ራስ ምታት ነበረባቸው። ከአንገት መገጣጠሚያዎችና ጡንቻዎች ተነሥቶ ወደ ግንባር የሚዘልቀው ሕመም ሦስተኛው ሲሆን፣ በካፋ ገጠር እንጨትና ውኃ የሚሸከሙ፣ እንሰት ሲፍቁም አጎንብሰው የሚውሉ ሴቶች ሲመረመሩ የሥራቸው ጫና ሊጠየቅ ይገባል።

ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን አልፎ አልፎ ለሚነሣ ሕመም በቂ ቢሆኑም፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር በላይ ሲወሰዱ ራሳቸው ራስ ምታት ያመጣሉ፤ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሕመሙ ለሚደጋገምበት ሰው የሚሻለው መከላከያ መድኃኒት ሲሆን፣ በትንሽ መጠን ማታ የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን ለማይግሬንም ለውጥረት ራስ ምታትም፣ አስም ላለበት ሰው የማይታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ለማይግሬን ያገለግላሉ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሚታይ ታካሚው አስቀድሞ ካልተነገረው ቶሎ ያቋርጣቸዋል።

የጫካ ቡና በሚበቅልበት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው በካፋ ምድር፣ ቡናም ከሕክምናው ጉዳይ ውጭ ሊሆን አይችልም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የማስታገሻን ኃይል በመጠኑ ያሳድጋል፤ ነገር ግን በየቀኑ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕዝቡ «ሱስ» የሚለው ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። በጾም ቀን ቡናው ሲዘገይ የሚነሣው ሕመም ከዚህ ሊመጣ ስለሚችል፣ የሚጠቅመው ክኒን መደራረብ ሳይሆን የሲኒውን ቁጥር ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።

ከአንገት ለሚነሣው ሕመም ፊዚዮቴራፒና የአንገት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ከክኒን ይልቅ ይመረጣሉ። ወጌሻ ቀስ ብሎ ቢያሽ ፋታ ይሰጥ ይሆናል፤ አንገትን በኃይል ማዞር ግን ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ቧንቧ ሊሰነጥቅ ይችላልና መፈቀድ የለበትም። በየቤቱ ለምች የሚጨመቀው ዳማከሴም ቢሆን ትኩሳት ያለበትን ሰው ከወባ ምርመራ ሊያዘገየው አይገባም።

ሕመሙ በድንገት በርትቶ ከጀመረ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር፣ ከአካል መዛል ወይም ከዕይታ ለውጥ ጋር ከመጣ፣ በእርግዝና ጊዜ ከተነሣ ወይም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ ከሆነ፣ ታካሚው ሳይውል ሳያድር በቦንጋ ወደሚገኘው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በሪፈር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሄድ አለበት።