ከዱባይ ጓንግዙ፦ ርቀቱ በሰዓት ሲመነዘር

ዱባይ ዴራ ገበያ ዋጋ የጠየቀ ነጋዴ ምንጩ ድረስ ሄዶ መግዛትን ማሰቡ አይቀርም። የብዙው ሸቀጥ ምንጭ ደግሞ ደቡብ ቻይና ነው። የካንቶን ትርዒት ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄድባት ጓንግዙ ከዱባይ በቀጥታ መስመር 5,800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለመሆኑ ይህ ርቀት ለነጋዴው ስንት ያስወጣዋል?

አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር መንገዱ 6 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ይመስላል። መነሻው፣ ማረፊያውና የመስመሩ ጥምዝ ሲታከሉ ግን ወደ 7 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ በመሄጃው ይገፋል፤ በመመለሻው ይጋፈጣል። ስለዚህ መልሱ እስከ አንድ ሰዓት ሊረዝም ይችላል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ቲኬቱ ነው። ጓንግዙ ከዱባይ በ4 ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው፤ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። 01:00 ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንጂ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አይደለም።

እስቲ እናስላው። ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከዱባይ የተነሣ መንገደኛ ጓንግዙ የሚደርሰው በዚያው ዕለት ከምሽቱ 3፡30 ነው። ገበያ ተዘግቷል፤ የሆቴል ይከፍላል፤ ሥራ የሚጀምረው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት የተነሣው ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡30 ይደርሳል። እሱም ማክሰኞ ገበያ ይወጣል። ልዩነቱ ሁለተኛው ሰኞን ሙሉ ዱባይ ሠርቶበታል፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ሒሳብም ተርፎታል። ትርፉ እንቅልፍ ማጣቱን ለሚችል ነው።

ሳይጓዝ በስልክና በባንክ ለሚሠራውም ሰዓቱ ዋጋ አለው። ሁለቱም ወገኖች ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይሠራሉ ብንል፣ ዱባይ ቢሮ ሲከፈት ጓንግዙ ቀትር ሆኗል። የሚገናኙት 5 ሰዓት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዱባይ የተላከ ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው በማግስቱ ነው። ዱባይ በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿን ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውራ ዓርብን ግማሽ የሥራ ቀን ማድረጓ ግን ከቻይና ጋር የሚያገናኛትን ጊዜ አስፍቶታል።

ዕቃው በአየር የሚጫን ከሆነ ደግሞ ከሚዛኑ ጋር ስፋቱም ይለካል። በተለመደው የአየር ጭነት ስሌት አንድ ሜትር ኩብ እንደ 167 ኪሎ ይቆጠራል። 100 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ ጫማ የ167 ኪሎ ይከፈልበታል ማለት ነው። ጫማውን ከነካርቶኑ የሚጭን ነጋዴ ለአየርም እየከፈለ መሆኑን ይወቅ።

እንግዲህ የቲኬት ዋጋ ብቻ አይቶ "ረከሰ" ማለት አያዋጣም። የጠፋው የሥራ ቀንም ከወጪው ጋር ይደመር።