በማኅበርተኞች ፊት የተመዘኑ ፎቶግራፎች

በብራዚል አገር፣ በሳኦ ፓውሎ ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ጥቂት የፎቶግራፍ ወዳጆች ያቋቋሙት፣ ኋላም የሲኒማን ጥበብ ጨምሮ ፎቶ ሲኔ ክሉቤ ባንዴይራንቴ የተባለው ማኅበር፣ በዘመኑ በየአገሩ ከነበሩት የመዝናኛ ማኅበራት እምብዛም የሚለይ አይመስልም ነበር፤ አብዛኞቹ አባላት በፎቶግራፍ እንጀራቸውን የሚበሉ ሳይሆኑ፣ ቀን ቀን በየሥራቸው የሚውሉ ጠበቆች፣ መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ነበሩና። ይሁን እንጂ ከነዚሁ ሰዎች እጅ የወጡ ሥራዎች በ2021 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ለነሱ ብቻ በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ፣ ለሕዝብ ታይተዋል። ከሥራ በተረፈች ሰዓት የተሠራ ነገር ከዚህ መዓርግ እንዴት ሊደርስ ቻለ ለሚል ጠያቂ፣ እኔ መልሱን የማገኘው ማኅበሩ በየወሩ በአባላቱ መካከል ያካሂደው በነበረው ውድድር ውስጥ ነው።

ለውድድሩ ርእስ ይሰጣል፤ አባሉም በተሰጠው ርእስ ያነሣውን ፊልም በጨለማ ክፍል አጥቦ፣ የሚበጀውን ከማይበጀው ለይቶ፣ በወረቀት አትሞ ያቀርባል። ሥራው ከጓደኞቹ ሥራ ጋር ከተመዘነ በኋላም ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ ብርሃኑ፣ ጥላው፣ የመስመሩ አወራረድ እየተነሣ ይተቻል፣ ይመሰገናል፣ ይነቀፋል፤ ማኅበሩም ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳትመው በነበረው ቦሌቲም በተባለ መጽሔቱ የውድድሩን ውጤትና ክርክሩን ያወጣ ነበር። የቅኔ ቤት ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ የዚህ ነገር ጥቅም አይሰወረውም፤ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ነግሮ፣ ቤቱ ሲጐድል ወይም ምሥጢሩ ሲላላ እዚያው የሚታረም ተማሪ፣ ብቻውን ለራሱ ከሚያንጐራጉር ሰው ይልቅ ቶሎ እንደሚበስል የታወቀ ነውና። የርእሱ መሰጠት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ካሜራ የያዘ ሰው ለፈቃዱ ከተተወ ያንኑ ደስ ያሰኘውን ነገር ደጋግሞ ማንሣት ስለሚቀናው፣ ያልመረጠው ርእስ ግን ሳያስተውል ያልፈው ወደ ነበረው ነገር ዐይኑን በግድ ይመልሰዋል።

ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር በአስተዋይ ዐይን ምን እንደሚሆን ምስክር የምትሆነን በ1953 ዓ.ም. የተነሣች፣ ፊሊግራና የተባለች አንዲት ፎቶግራፍ ናት። ባለቤቷ ወይዘሮ ጌርትሩደስ አልትሹል፣ በጀርመን አገር በአይሁድ ላይ ከተነሣው የናዚ ስደት ሸሽተው በ1939 ዓ.ም. ብራዚል የገቡ፣ ከባላቸውም ጋር ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ የሚሆን አበባ በእጅ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ፤ ወደ ማኅበሩም የገቡት በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ሴቶች አባላት እጅግ ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለው አንድ የፓፓያ ቅጠል ብቻ ነው። ነገር ግን ከቅርብ ስለተነሣ፣ ሥሮቹ ከመካከል ተነሥተው ወደ ዳር እየተከፈሉና እየቀጠኑ ሲሄዱ፣ ተመልካቹ ቅጠል ማየቱን ለጊዜው ዘንግቶ የብርሃንና የጨለማን ሐረግ መከተል ይጀምራል። ቅጠልና አበባ አስመስሎ መሥራት የዕለት ግብረ እዳቸው የሆነ ሴት፣ የቅጠልን ተፈጥሮ ከብዙ ሰው ይልቅ ጠልቀው ቢያዩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚያስደንቀው ያንን የእጅ ዕውቀት ወደ ዐይን ዕውቀት መመለሳቸው ነው።

በማኅበሩ ውስጥ እንዲህ የሚያዩ እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበሩት መሐንዲሱ ጆዜ ያሌንቲ የሕንፃን ማዕዘንና ጥላ ሲያጠኑ፣ በቡዳፔስት ተወልዶ በልጅነቱ ብራዚል የገባው፣ ቤተ ሰቡም የካሜራ ንግድ የነበረው ቶማዝ ፋርካስ ገና የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ ከማኅበሩ ተቀላቅሎ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራዎቹ ከኒው ዮርኩ ሙዚየም ደረሱ።

ውድድር ጕዳት የለውም ማለት ግን እውነትን መሸፈን ነው። ዳኛ የወደደውን ዐይነት ሥራ ተወዳዳሪው ሁሉ ሊመስለው ይሻል፤ መመሳሰልም ሲበዛ ጥበብ ይደነዝዛል። የባንክ ሠራተኛና ሠዓሊ የነበረው ጄራልዶ ደ ባሮስ በአንድ ኔጋቲቭ ላይ ብዙ ጊዜ እየደራረበ ሲያነሣ፣ ኔጋቲቩንም በመርፌ እየጫረ በቀለም ሲሥልበት፣ ፎቶግራፍ እንዳለ ሊጠበቅ ይገባዋል ከሚሉ አባላት ተቃውሞ ገጥሞታል፤ እነዚያው ሥራዎች ግን በ1950ዎቹ መባቻ ፎቶፎርማ በሚል ስም በሳኦ ፓውሎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይተው፣ ዛሬ የብራዚል ፎቶግራፍ ታሪክ ያለ እነሱ አይነገርም። እንግዲህ የማኅበር ሚዛን አስተማሪ ቢሆንም የመጨረሻ ዳኛ አይደለም፤ ይልቁንም ደ ባሮስ የሚጣላውን ሕግ ጠንቅቆ ያወቀው ከዚያው ከማኅበሩ ውስጥ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህንን ሁሉ ለማወቅ የሚቻለው ማኅበርተኞቹ ያሸነፈውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ስለ ሥዕሉ የተባለውንም አትመው ስላቈዩ ነው። የፎቶግራፍ ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች፣ በየትም አገር ቢሆኑ፣ ከሽልማቱ ጋር የዳኞቹን ምክንያትና የተቃዋሚዎቹን ቃል ጽፈው ቢያኖሩ፣ ለሚቀጥለው ተማሪ ከሜዳሊያው የሚበልጥ ነገር ይተዉለታል።