የሌላ ሙያ ምሩቅና የሒሳብ ትምህርት

የነጋዴ ልጅ በእርሻ ወይም በኬሚስትሪ ተመርቆ ወደ አባቱ ንግድ ቤት ሲገባ፣ የሒሳብ መዝገቡ ባዕድ ይሆንበታል። ጉዳቱም ሳይውል ሳያድር ይታያል። ለምሳሌ፦ አንድ ዕቃ ከውጭ አገር በ500,000 ብር ተገዝቶ፣ ለማጓጓዣና ለኢንሹራንስ 60,000፣ ለጉምሩክ ቀረጥ 100,000 ብር ተከፍሎበት በ700,000 ብር ቢሸጥ፣ መዝገብ ያልተማረው ሰው 200,000 ብር አተረፍሁ ይላል። ነገር ግን ዕቃው የፈጀው ገንዘብ 660,000 ብር ስለ ሆነ፣ ኪራይና ደመወዝ ሳይነሣለት የተረፈው 40,000 ብር ብቻ ነው። በሌለ ትርፍ ተማምኖ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ፍጻሜው ዕዳ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ በእንግሊዝና በአውስትራልያ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚደረገው፣ ለሌላ ሙያ ምሩቃን ከመሠረቱ ጀምሮ የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. ያለ የሙያ ማኅበር የሚሰጠው ፈተና ነው። በሒሳብ የተመረቀ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዳንዶቹ ሲቀሩለት፣ ሌላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ይጀምራል፤ ከፈተናውም ሌላ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል።

በአገራችንም የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006፣ አዋጁ የሚመለከታቸው ድርጅቶች መግለጫቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ስላዘዘ፣ በልምድ ብቻ መዝገብ መያዝ አይበቃም።

የቀድሞው ትምህርት ግን ከንቱ አይቀርም። የቡናን ደረጃ ለይቶ የሚያውቅ የእርሻ ምሩቅ ሒሳብን ሲጨምርበት፣ በመጋዘን ያለውን ክምችት በትክክል ለመተመን የተሻለ ብቃት ይኖረዋል። ስለዚህ ልጁን ወይም ጸሐፊውን ለዚህ ትምህርት የሚልክ ነጋዴ፣ ወጭውን እንደ ኪሳራ ሊቈጥረው አይገባም።