ከጳውሎስ በር እስከ እንጦጦ ግርጌ፦ ከመድኃኒት ቤቶች ጋር ትውውቅ

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ዙሪያ የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ልቁጠር ያለ ሰው ይታክታል። አረንጓዴ መስቀል አለ፣ ዋንጫ ላይ የተጠመጠመ እባብ አለ፤ በየሰሌዳው ላይ የቅዱሳን ስም፣ የልጅ ስም፣ የትውልድ ቀዬ ስም ይነበባል። ከዚያ ተነስቶ በሩፋኤል ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ላይ ሲወጡ ሰሌዳው እየሳሳ ይሄዳል። የሽሮ ሜዳን የሸማ ሱቆች አልፎ የእንጦጦ ዳገት ሲጀምር ደግሞ መድኃኒት ቤት ለማግኘት መንገደኛ መጠየቅ ግድ ይላል።

ነገሩ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የግል መድኃኒት ቤት የሚከፈተው የሐኪም ማዘዣ በሚበዛበት ቦታ ነው። ከሆስፒታል በር የሚወጣ ታካሚ ማዘዣውን በእጁ ይዟል፤ በሆስፒታሉ ውስጥ ያላገኘውን መድኃኒት ውጭ ይፈልጋል። ባለ ሱቁም እዚያው በሩ ላይ ይጠብቀዋል። በኪራይ ረገድ ብልህነት ነው፤ ልጇ ሌሊት ያተኮሰባት የዳገቷ እናት ግን ከዚህ ብልህነት የምታገኘው ጥቅም የለም። በዚህ በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ መድኃኒት ቤት መፈለግ ከሁሉ በፊት የመልክዓ ምድር ጉዳይ የሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ለመላ አገሪቱ የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚገዛውና የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ጳውሎስ አካባቢ ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ ሲቋቋም ከቀድሞው የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ከፋርሚድ ሥራውን ተረከበ። ከጎኑ የሚኖር ሰው ግን ማዘዣ ይዞ ቢሄድ አንድ ፍሬ ክኒን አይገዛም፤ ከመጋዘኑ የሚወጣው መድኃኒት በዋናነት የሚሄደው ወደ ሆስፒታልና ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ነዋሪው በመስኮት የሚያገኘው እንደ ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በኩል ነው፤ እዚያ ከሌለ ደግሞ ከማኅበረሰብ መድኃኒት ቤቶች።

እነዚህ መድኃኒት ቤቶች በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ደረጃቸው ግን አንድ አይደለም። በአገራችን የችርቻሮ መድኃኒት ንግድ ለረጅም ጊዜ በሦስት ደረጃ ሲሠራበት ቆይቷል። የመጀመሪያው ፋርማሲ ነው፤ ኃላፊው በዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ የተመረቀ ፋርማሲስት መሆን አለበት፣ የሚይዘው የመድኃኒት ዓይነትም ሰፊ ነው። ሁለተኛው የመድኃኒት መደብር ይባላል፤ በዲፕሎማ ደረጃ የሠለጠነ ድራጊስት ወይም የፋርማሲ ቴክኒሽያን ይመራዋል፣ የተፈቀደለት ዝርዝርም ጠበብ ይላል። ሦስተኛው የገጠር መድኃኒት ቤት ነው፤ ባለሙያ በማይደርስበት አካባቢ መሠረታዊ የሆኑትን ጥቂት መድኃኒቶች ብቻ እንዲሸጥ የታሰበ ነው። በጉለሌ የሚያጋጥሙን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «ፋርማሲ» ወይም «የመድኃኒት መደብር» የሚለውን ቃል አስተውሎ ማንበብ ጊዜ ይቆጥባል። በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የታዘዘለት ሰው በየመደብሩ ቢዞር ጫማውን ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም።

ከሰሌዳው ይበልጥ የሚታመነው ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የብቃት ማረጋገጫ ነው። የመድኃኒት ቤቱን ስምና ዓይነት፣ ያለበትን ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ ሥራውን በኃላፊነት የሚመራውን ባለሙያ፣ ፈቃዱ የሚጸናበትን ጊዜ ይናገራል። በአዲስ አበባ ይህን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ የሚሰቀለው ለተቆጣጣሪ ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ገዢው እንዲያየውም ነው። ብዙዎቻችን ዓይናችንን ሳናነሳ ሒሳብ ከፍለን እንወጣለን። እኔ እንደማስበው ወረቀቱን ቀና ብሎ ማየት ባለሙያውን መጠርጠር አይደለም፤ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ ፋርማሲስት ፈቃዱ ሲነበብለት ደስ ይለዋል።

እዚህ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነበር። በአዲስ አበባ ቀደምት ከሆኑት ዘመናዊ መድኃኒት ቤቶች አንዱን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የከፈቱት ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ ናቸው፤ በአገራቸው ስም የጆርጂያ ፋርማሲ ብለው ሰየሙት። ያኔ ከተማው ለኮሶ ትሉ መድኃኒቱን ከራሱ ከኮሶው ዛፍ የሚያገኝ፣ ሥር ምሶና ቅጠል በጥሶ የሚያድር ነበር። የመድኃኒት ንግድን በዘመናዊ መልክ ይገዛ የነበረው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176፣ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አሁን የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1112 መጡ። በዚህ አሠራር መድኃኒቱ ራሱ ጥራቱ ተፈትሾ የሚመዘገበው በፌዴራሉ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ መድኃኒቱ የሚሸጥበት ቤት ደግሞ በከተማው ወይም በክልሉ ተቆጣጣሪ ዘንድ ይመዘገባል። ገዢው እነዚህን ሁለት ምዝገባዎች ለይቶ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ፈቃድ ያለው ቤት ያልተመዘገበ መድኃኒት ሊይዝ ይችላልና።

ከግሎቹ ጎን ለጎን የአዲስ አበባ ሰው በልዩ ዓይን የሚያያቸው ሁለት የመድኃኒት ቤት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ከነማ ነው። ስሙ ከከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የተወሰደ ሲሆን ከደርግ ዘመን ጀምሮ ከነዋሪው ጋር የኖረ፣ ዛሬ በከተማው አስተዳደር ሥር የሚሠራ ድርጅት ነው። ሌላው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መድኃኒት ቤቶች ናቸው። ሰው ወደ እነዚህ የሚሄደው በዋጋቸው ምክንያት ነው፤ ሰልፉም ከዚያ የመጣ ነው። አንድ መድኃኒት ከነማ ካለ መጀመሪያ እዚያ መጠየቅ የከተማው የቆየ ልማድ ነው፤ በየወሩ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ለሚገዛ ጡረተኛ ልዩነቱ የአስቤዛ ገንዘብ ይሆናል። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ የዋጋው ነገር በየመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ የሚሰማ ወሬ ሆኗል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደግሞ መታወቂያውን ይዞ፣ ሆስፒታሉ ወይም ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ የለም ሲለው፣ በውል የሚያስተናግደው መድኃኒት ቤት የትኛው እንደሆነ እዚያው መስኮቱ ላይ ይጠይቅ። ከኪሱ ከፍሎ ከወጣ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ አድካሚ ነው።

እንግዲህ ፍለጋው እንዴት ይጀመር? ከሁሉ በፊት በመድኃኒቱ የሳይንስ ስም። ሐኪሞች አምሎዲፒን፣ ሜትፎርሚን፣ አሞክሲሲሊን ብለው ሲጽፉ ማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚነበበው የፋብሪካው የንግድ ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ያለፈው ወር የያዘውን ባዶ ካርቶን ይዞ «ይኸኛውን ራሱን» እያለ አሥር ቤት ይዞራል፤ ያው መድኃኒት በሌላ ፋብሪካ ስም የመጀመሪያው ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር። ፋርማሲስቱን «በሌላ ስም አለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ዳገት ያድናል። ባለሙያው ይህን መመለስ መቻሉ ራሱ አንድ ምስክር ነው። ነጭ ገዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብለን እንጠራለን፤ እውነተኛው ባለሙያ የሚለየው ግን በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ለልጅ ከሆነ ክብደቱን ይጠይቃል፤ ለሴት ከሆነ እርጉዝ መሆን አለመሆኗን፤ ለሁሉም ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት መኖሩን። «ዶክተር፣ ለጉንፋኔ አሞክሲሲሊን ይስጡኝ» ያሏትን አዛውንት «እማማ፣ ይኼ ያለ ማዘዣ አይሰጥም፤ ጉንፋኑንም አያድንም፤ ጤና ጣቢያ ይታዩ» ብላ የምትመልስ ወጣት ፋርማሲስት በዚያች ቀን አንድ ሽያጭ ታጣለች። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም፤ ያለ አግባብ ሲወሰድ ግን ባክቴሪያዎቹን ያለማምዳል። እንዲህ ያለችው ልጅ የምትሠራበትን ቤት ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ሰው የቤተሰብ ሐኪም እንደሚይዝ የቤተሰብ መድኃኒት ቤት ቢይዝ እመርጣለሁ።

ኢንሱሊን የሚገዛ ሰው ደግሞ ስለ ማቀዝቀዣው ይጠይቅ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ መድኃኒት ቤቱ ጄነሬተር ወይም ሌላ መላ ያለው መሆኑን ማወቅ መብት ነው። እንጦጦ ብርዳም ስለሆነ ምንም አይለውም የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም፤ በመስታወት በኩል የሚገባ የቀትር ፀሐይ ለጉለሌም አይራራም።

አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ በየትኛውም የግል መድኃኒት ቤት መፈለግ የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በጤና ተቋማት በኩል በነጻ ነው የሚሰጡት። ጉለሌ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እንጦጦ ላይ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች መጠጊያ ነበር፤ መድኃኒት የተለማመደውን ነቀርሳ ማከምም በአገራችን የተጀመረው እዚያው በ2001 ዓ.ም. ነው። እነዚህን መድኃኒቶች በገንዘብ ልሽጥልህ የሚል ካለ፣ ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ያስፈልጋል።

የፍለጋው ትልቁ ችግር ግን፣ እኔ እስከምረዳው፣ መዝገቡና ሰዉ በተለያየ መንገድ አድራሻ መናገራቸው ነው። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ወረዳና የቤት ቁጥር ነው። ነዋሪው ደግሞ «ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ»፣ «አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው ጋ»፣ «ፓስተር፣ ከድልድዩ ወዲህ» ይላል። የወረዳ ቁጥር ይዞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤት ያገኘ ሰው አላጋጠመኝም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ፈቃድ ያለው ቤት ስም፣ ደረጃ፣ ሌሊት መሥራት አለመሥራቱን፣ በአካባቢው ሰው አነጋገር የተጻፈ አድራሻ ጨምሮ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ቢለጥፍ ወጪው የጥቂት ወረቀት ነው። በሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽነት እንደሚቻል አይተናል፤ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተነሳው የመድኃኒት አገልግሎትን ለኦዲት ክፍት የማድረግ አሠራር መድኃኒቱንና ገንዘቡን በደረሰኝ እያገናኘ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዛምቷል። ለውጭው መድኃኒት ቤት የሚሆን የአድራሻ ዝርዝር ከዚያ አይከብድም።

ዝርዝሩ አስፈላጊ የሚሆንበት ሌላው ምክንያት ከመዝገቡ ውጭ የሚሸጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚዘዋወሩ አሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ሐሰተኛ መድኃኒት ዱቄት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ትክክለኛው ንጥረ ነገር ጥቂት ብቻ ይኖርበታል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ በሽተኛውን ትንሽ ያሻለው ይመስልና ተህዋሲውን ግን ያጠነክረዋል። በሻንጣ የመጣ፣ በገበያ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ከካርቶኑ ወጥቶ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን ዋጋው ቢረክስም እጅ አይዘርጉለት።

ፈቃድ ካለው ቤትም ሲገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ካርቶኑን መድኃኒቱ እስኪያልቅ አይጣሉ። የምርት መለያ ቁጥሩና የማብቂያ ጊዜው ያለው እሱ ላይ ነው። ክኒኑ ቀለሙ ከወትሮው ከተለየ፣ በእጅ ሲነካ ከፈረሰ፣ ወይም ከወሰዱት በኋላ ሰውነት ሽፍ ካለ መጀመሪያ ወደ ገዙበት ቤት ይመለሱ፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር ደግሞ 8482 ነው። የሚያነሳው ባለሙያ የሚጠይቀው የመድኃኒቱን ስም፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የት እንደተገዛ ነው። ሦስቱም ካርቶኑና ደረሰኙ ላይ አሉ።