የአያቶች ቃል ያዳናት ደሴት

አባት ለልጁ ርስትና ወርቅ ቢያወርስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕይወትን የሚያድነው አንዳንድ ጊዜ በምድጃ ዳር የተነገረ ቃል ነው። ለዚህም በኢንዶኔዢያ፥ ከሱማትራ ምዕራባዊ ጠረፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሲመሉዌ ደሴት ምስክር ናት።

በ1899 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር 1907) በደሴቲቱ ምድር ተናወጠች፤ ቀጥሎም ታላቅ የባሕር ማዕበል ወጥቶ ብዙ ሕዝብ አጠፋ። የአገሩ ሰዎች ይህን ማዕበል በቋንቋቸው «ስሞንግ» ይሉታል። ከሞት የተረፉትም ኀዘናቸውን ትምህርት አደረጉት፤ ይኸውም ምድር በብርቱ የተናወጠች፥ ባሕሩም ወደ ኋላ የሸሸ እንደ ሆነ፥ ሳይዘገዩ ወደ ኮረብታ መሮጥ እንደሚገባ ነው። አያቶች ይህን በተረት፥ እናቶችም ልጅ ሲያባብሉ በዜማ ያስተምሩ ነበር።

የነገሩም ምክንያት ሊቃውንት መርምረው እንደ ገለጡት እንዲህ ነው። ከውቅያኖስ በታች ያለው ምድር ተሰብሮ ሲነሣ በላዩ ያለውን ውሃ ሁሉ ያነሣዋል። ማዕበሉ በጥልቁ ባሕር ላይ እንደ አይሮፕላን ይፈጥናል፤ ከፍታው ግን ጥቂት ስለ ሆነ መርከበኛ እንኳ አያስተውለውም። ወደ ጠረፍ ሲቀርብ ግን ፍጥነቱ ቀንሶ ውሃው እንደ ግንብ ከፍ ይላል።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር 2004) በሱማትራ አጠገብ ምድር እጅግ ተናወጠች። ማዕበሉም እስከ ጎረቤታችን እስከ ሶማሊያ ጠረፍ ደርሶ በብዙ አገሮች ከ220 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ፈጀ። በህንድ ውቅያኖስ ገና የማስጠንቀቂያ ድርጅት አልነበረም። በሲመሉዌ ሰሜን በምትገኘው በላንጊ መንደር ማዕበሉ በ8 ደቂቃ ያህል ደረሰ፤ ነገር ግን 800 የሚያህሉት ነዋሪዎች አስቀድመው ወደ ከፍታ ወጥተው ነበርና አንድ ሰው እንኳ አልሞተም። ከደሴቲቱ 78 ሺሕ ያህል ሕዝብም የሞቱት 7 ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በዩኔስኮ አማካይነት የህንድ ውቅያኖስ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ቆሟል፤ በባሕር ወለል የተቀመጡ መሣሪያዎችም የውሃውን ክብደት እየለኩ ወሬውን በሰማይ ያስተላልፋሉ። ይህ ርቀው ላሉ አገሮች ታላቅ ረድኤት ነው። ማዕበሉ በደቂቃዎች ለሚደርስበት መንደር ግን ከመሣሪያው ወሬ ይልቅ የእናት ምክር ይቀድማል።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ወደ ባሕር ዳር አገር የምትልኩ ወላጆች ሆይ፥ ከስንቁ ጋር ይህን ምክር ጨምሩላቸው፤ ምድር በብርቱ ስትናወጥ ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ፥ ዕቃም ለማንሣት ሳይመለሱ ወደ ከፍታ ይውጡ። ቃሉ አጭር ነው፤ ለመሸከምም አይከብድም።