የሩቅ አገር ሸሪክ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የምትገኘው እንፍራንዝ ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት። በአጠገቧ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይታያል። በ1691 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴም ሙስሊም ነጋዴዎች የሚኖሩባትና ዝባድ የሚሸጥባት ከተማ መሆኗን ጽፏል። ዝባዱን የሚሸጠው ሰው የመጨረሻውን ገዢ ፊት አያይም ነበር፤ ዕቃውም ገንዘቡም የሚሄደው በሸሪክ እጅ፣ በዐደራ ነበር። ልጅም ንግድን የሚማረው ሲራራ ተከትሎ ነበር።

ዛሬ የነጋዴው ልጅ ንግድን በዩኒቨርስቲ ይማራል። ፈተናውን ብቻውን ይፈተናል፤ ማርኩንም ብቻውን ይቀበላል። ወደ ንግድ ቤት ሲገባ ግን ብቻውን የሚፈጽመው ሥራ የለም።

በ1999 ዓ.ም. በሕንድ መንግሥት ርዳታ በተመረቀው መስመር የአዲስ አበባና የሐረማያ ዩኒቨርስቲዎች ተማሪዎች ከሕንድ መምህራን ትምህርት በሩቁ መከታተል ችለው ነበር። ይህ ታላቅ ነገር ቢሆንም፣ ተማሪው አድማጭ እንጂ ሸሪክ አልነበረም።

ሸሪክ የሚያደርገው ዘዴ ሌላ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ቫስ ታራስ በአሜሪካ የጀመሩት «ኤክስ ካልቸር» የልዩ ልዩ አገር ተማሪዎችን በኢንተርኔት በቡድን እያገናኘ፣ የአንድ እውነተኛ ድርጅት የንግድ ችግር ይሰጣቸዋል። ለሁለት ወር ያህል ሥራውን ተከፋፍለው የመፍትሔውን ጽሑፍ በአንድነት ያቀርባሉ። እርስ በርሳቸውም ስለሚመዛዘኑ፣ ሰነፉ በሌላው ድካም መሸሸግ አይችልም።

የጎንደርን ሰሊጥ ለምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ተማሪ በገዢው አገር ያለውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የጥራቱን ደንብ፣ ሦስተኛው የማጓጓዣውን ሒሳብ ይመረምራል፤ አራተኛው ደብዳቤውን ይጽፋል። አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይከስራሉ። ይህ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ንግዱም ትምህርቱም በዚህ መስመር ላይ ምን ያህል እንደ ተመሠረተ ታይቷል። መስመሩ ሲኖር ግን በከንቱ ሊያልፍ አይገባም።

ስለዚህ አስመጪውም ላኪውም ባለሱቁም በቅርቡ ላለው ዩኒቨርስቲ አንድ ያልተፈታ የንግድ ችግሩን ቢያቀርብ፣ ወጪው ጥቂት፣ ትርፉ ብዙ ነው። ነገ ጸሐፊ ወይም ሸሪክ አድርጎ የሚቀጥረውን ሰው ዛሬ በሥራ ላይ ያየዋልና።