ያረጀ የጌም ኮምፒውተርና የባሌ አየር

አሮጌ ዴስክቶፕ ያለ ስሙ ስም የወጣለት ዕቃ ነው። ጌም ሲንቀራፈፍበት ባለቤቱ ወዲያው "አርጅቷል" ይልና ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ባገለገለ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ማሽን ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር ይዞ ይገኛል። ጂቲኤ 5 በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ አዘጋጆቹ ጨዋታው ጥሩ አድርጎ እንዲሠራ የመከሩት ይህንኑ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋ ራም ነበር። ታዲያ ምኑ ነው ያረጀው?

የማሻሻያው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ ኤስኤስዲ፣ ራሙ አንድ ብቻ ከሆነ አቻውን መጨመር፣ በመጨረሻ ግራፊክስ ካርድ። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን አየር ነው፤ እሱን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

"ጋሼ፣ ባሌ እኮ ብርድ ነው። እዚህ አገር ኮምፒውተር በምን ይግላል?" አለኝ ሮቤ ጌም ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት። ይህን አባባል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ስህተት ነው። ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን በፋኑ በኩል የሚያልፈው አየር ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል።

ብርዱ ይህን ጉድለት ሊያካክስ ይችል ነበር፤ እኛ ግን አናስገባውም። የጌም ቤቱ በር በብርዱ ምክንያት ተዘግቷል፤ ውስጡ በሰው ተሞልቷል፤ ጥግ ላይ ከሰል ይነዳል። ኮምፒውተሩ ራሱ በጠረጴዛው ሳጥን ውስጥ፣ ጀርባው ግድግዳ ተደግፎ ታፍኗል። የዚያን ልጅ ማሽን ጎኑን ስንከፍት የሂት ሲንኩ ክፍተቶች በአቧራና በአመድ ተደፍነው ነበር። ከሥሩ ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተጫዋቹ "አርጅቷል" የሚለው ይህንን ነው። ጠርገን አዲስ ፔስት ቀባንና ከሳጥኑ አወጣነው። ጨዋታው መቆራረጡን አቆመ፤ ግራፊክስ ካርድም አልተገዛም።

ስለ አጠራረጉ አንድ ነገር ልቆጣ። ኮምፒውተር ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በጎማ መንፊያ አታስነፉ! ግፊቱ ከመጠን በላይ ነው፤ ከአየሩ ጋር ውኃም ይወጣል። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ መርጨት ነው። ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃል። ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንደ ልቡ አይሽከርከር።

ከፍታው ሃርድ ዲስክንም ይመለከታል። የዲስኩ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ጋር ሳይነካካ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራው። አየሩ ሲሳሳ ንጣፉም ይሳሳል። ስለዚህም አምራቾች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትር ነው። ሮቤና ጎባ ከዚህ በታች ናቸው። ከጎባ ወደ ሪራ የሚሄድ ሰው ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ሳነቴን ያቋርጣል። የጠፋ ማሽን ጭኖ መሻገር በከፍታው ምክንያት ጉዳት የለውም፤ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ከፍቶ መኪና ውስጥ ፊልም ማየት ግን ዲስኩን ለአደጋ መስጠት ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህ አያስጨንቀውም። ለደጋ ሰው ኤስኤስዲን የምመክረው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም።

ግራፊክስ ካርድ የግድ ካስፈለገ ከማዘርቦርዱ ሶኬት ብቻ ኃይል የሚወስደውን ፈልጉ። ሶኬቱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ እና ብዙዎቹ 1050 ቲአይ ካርዶች በዚህ ይሠራሉ። ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭሩን የካርድ ዓይነት ጠይቁ። ከዚህ የሚበልጥ ካርድ በቅጥያ ሽቦ ከቢሮ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ጋር የሚያያይዝ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ካርድ ለመግዛት ኪሳችሁን ከመንካታችሁ በፊት የማሽናችሁን ጎን ክፈቱ፣ ጥረጉት፣ ፔስቱን ቀይሩለት፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ከዚያም በኋላ ከተንቀራፈፈ ያን ጊዜ አርጅቷል በሉት።